የኤሌክትሪክ ምጣድ ሳይሰነጠቅ ቤት እንዲደርስ

ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በከተማዋ ወይም በወልድያ የተገዛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ አካባቢው ሲጓዝ የኮረኮንች መንገድ ንቅናቄ ይገጥመዋል፤ መኪና በማይገባባቸው መንደሮችም በበቅሎ ወይም በሰው ትከሻ ይቀጥላል።

የምጣዱ ሸክላ በሥሩ የሚግለውን ሽቦ ይዟል። ሸክላው ሲሰነጠቅ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። እርጥብ ሊጥ በስንጥቁ ገብቶ ሽቦውን ከነካ ጋጋሪዋን ኤሌክትሪክ ሊይዛት፣ ሕይወቷንም ሊያሳጣት ይችላል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ምጣድ በፍጹም ሊሰካ አይገባም።

በጉዞ ጊዜ ምጣዱ ከሥርና ከጎን በጭድ ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ይደገፍ፤ ክዳኑ ለብቻው ይታሰር፤ የእህል ጆንያ አይጫንበት። ገዢው ከሱቅ ሳይወጣ ካርቶኑን አስከፍቶ ይመልከት፤ ደረሰኙንም ይያዝ።

ነጋዴዎች በክረምት ዕቃውን ከወለል ከፍ አድርገው፣ ከግድግዳ አርቀው በእንጨት ርብራብ ላይ ማስቀመጥ አለባቸው። ዘዴው ለላስታ እንግዳ አይደለም፤ የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም በረግረግ ላይ በተነጠፈ እንጨት ላይ እንደታነጸ ይነገራል። ማዳበሪያ ባለበት መጋዘን ማከማቸትም አይመከርም፤ ብናኙ እርጥበት ስቦ ሽቦንና ብረትን ይበላል።

የፀሐይ ብርሃን መብራቶች ደግሞ ለወራት ከተቀመጡ ባትሪያቸው ተሟጦ ይበላሻል፤ በየጊዜው መሞላት አለባቸው። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ሊጫንም ሆነ ሊሸጥ አይገባም።

እርጥበት የነካው ምጣድ በደረቅ ቦታ ቆይቶ በሚገባ ሳይደርቅ አይሰካ።