የናፍጣ ሞተር ለተገጠመለት ፒክአፕ የጌጅ አመራረጥ

በቤንዚን ይሠራ የነበረ ፒክአፕ የናፍጣ ሞተር ሲገባለት ጌጆቹ የተሠሩት ለሄደው ሞተር እንጂ ለመጣው አይደለም። በአሜሪካ እንዲህ ላለው ሥራ ቀድሞ የሚታሰበው የከሚንስ 5.9 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ነው። ሞተሩ ከ1989 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዶጅ ፒክአፖች ላይ ሲገጠም ቆይቷል፤ እስከ 1998 አጋማሽ የወጡት ባለ 12 ቫልቮቹ የነዳጅ ፓምፓቸው ሜካኒካል ስለሆነ ለመሥራት ኮምፒውተር አያስፈልጋቸውም። ፎርድና ሼቭሮሌት ውስጥ ገብተው የሚታዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ኮምፒውተር የሌለው ሞተር ሲግል ወይም ዘይት ሲያጥረው ኃይሉን ቀንሶ ራሱን አያድንም። የሚጠብቀው ሹፌሩ ብቻ ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ የሚያውቀው ጌጁ የነገረውን ያህል ነው።

ባለቤቱ መኪናው ይዞት የመጣውን የፋብሪካ ጌጅ ማስቀረት፣ በትእዛዝ የተሠራ ሙሉ ስብስብ መግዛት ወይም ሁለቱን ማቀላቀል ይችላል። ምርጫው ብዙ ጊዜ በመልክ ይወሰናል፤ መወሰን ያለበት ግን ከመርፌው ጀርባ ባለው ሴንሰር ነው። አብዛኞቹ የድሮ የኤሌክትሪክ ጌጆች የሚያነቡት ሴንሰሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ሬዚስታንስ ሲሆን እያንዳንዱ ጌጅ የተስተካከለው ለተወሰነ የኦም ልክ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተሠሩት የጄኔራል ሞተርስ የነዳጅ ጌጆች ታንኩ ባዶ ሲሆን 0፣ ሲሞላ 90 ኦም ይጠብቃሉ። በአሜሪካ ገበያ ለብቻቸው የሚሸጡ ብዙ ሴንሰሮች ባዶ ላይ 240፣ ሙሉ ላይ 33 ኦም ይሰጣሉ። የጀርመኑ ቪዲኦ ደግሞ ከ10 እስከ 180 ኦም ይጠቀማል። ባለ 240 ኦሙ ሴንሰር ከጄኔራል ሞተርስ ጌጅ ጋር ቢገናኝ ታንኩ ባዶ ሲሆን መርፌው ከሙሉ አልፎ ይሄዳል፤ ታንኩ ሲሞላ ደግሞ ሲሶ ገደማ ላይ ይቆማል። ጌጁም ሴንሰሩም ደህና ናቸው፤ የተሳሳተው መጣመራቸው ነው።

ስለዚህ የመኪናው የሆነውን ከሞተሩ ከሆነው መለየት ይበጃል። የነዳጅ ታንኩ ቦታውን ካልለቀቀ የፋብሪካው ነዳጅ ጌጅ ከነሴንሰሩ ቢቀር የተሻለ ነው። የፍጥነት መለኪያውም የሚከተለው ሞተሩን ሳይሆን ካምቢዮውን ነው። በኬብል የሚሠራው የአሜሪካ ፍጥነት መለኪያ ኬብሉ በአንድ ማይል 1,000 ጊዜ እንዲዞር ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል ወይም የጎማ መጠን ሲቀየር ኬብሉን የምታዞረው ትንሿ ጥርስም አብራ መቀየር አለባት። ኬብል ማስገቢያ የሌለው ካምቢዮ ከመጣ ከሳተላይት የሚያነብ ፍጥነት መለኪያ መግጠም ይቻላል፤ ዋሻ ውስጥ ግን ምልክቱን ያጣል።

የሞተሩ በሆነው በኩል የፋብሪካው ጌጅ አመኔታ ይጎድለዋል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በተሠሩ ብዙ የፎርድ ፒክአፖች ላይ የዘይት ግፊት ጌጁ ጌጅ ይምሰል እንጂ ከኋላው ያለው ስዊች ብቻ ነው። ግፊቱ ከ6 ፒኤስአይ ገደማ ሲያልፍ ስዊቹ ይዘጋል፤ መርፌውም መሐል ላይ ይቆማል። 15 ይሁን 60 ፒኤስአይ ቦታው ያው ነው። ብዙ አዳዲስ መኪኖች ላይ የሙቀት መርፌውም ሆን ተብሎ እንዲደነዝዝ ተደርጓል፤ ውኃው በመደበኛው ሙቀት ዙሪያ ወጣ ወረድ ቢልም መርፌው ከመሐል አይነቃነቅም። ከሚንስ ለዚህ ሞተር የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ የዘይት ግፊት ያለ ነዳጅ መስጫ ሲዞር 10፣ በሙሉ ዙሩ ሲሠራ ደግሞ 30 ፒኤስአይ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለይቶ የማያሳይ ጌጅ ለዚህ ሞተር አይበቃም፤ በቁጥር የተከፋፈለና ከራሱ ሴንሰር ጋር የተገዛ አዲስ ጌጅ ሊገባ ይገባል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስቸግረው የዙር መለኪያው ነው። የቤንዚን ሞተር ዙር መለኪያ የሚቆጥረው ኮይሉ ወደ ካንዴላዎቹ የሚልከውን ብልጭታ ሲሆን በቪ8 ሞተር በአንድ ዙር 4 ምት ያገኛል። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ ኮይልም ብልጭታም የለም። ምልክቱን ከዲናሞው «ደብልዩ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ተርሚናል ወይም ከቮላኖው ጥርስ ፊት ከሚቆም ማግኔታዊ ሴንሰር መውሰድ ይቻላል። ዲናሞው 12 ፖል ካለው በራሱ አንድ ዙር 6 ምት ይሰጣል፤ ሞተሩ አንዴ ሲዞር ዲናሞው ሁለት ተኩል ጊዜ ቢዞር ምቱ 15 ይሆናል። ይህ ምልክት በቀጥታ ወደ ቪ8ቱ ዙር መለኪያ ቢገባ ሞተሩ 2,000 ሲዞር መርፌው 7,500ን ያመለክታል። ምቱን የሚያካፍል ትንሽ መቀየሪያ ሣጥን ችግሩን ይፈታዋል። ሆኖም የዲናሞው ፑሊ በሌላ መጠን ሲቀየር ስሌቱ እንደገና ይበላሻል፤ ቺንጋው ሲንሸራተትም ንባቱ ይዋዥቃል። የቮላኖ ጥርስ ቁጥሩ ስለማይለወጥ ገጠማው ቢያደክምም ያንን መምረጥ ያዋጣል። የሰሌዳው አከፋፈልም መታየት አለበት። እስከ 6,000 ወይም 7,000 በሚያነብ የቤንዚን ሰሌዳ ላይ፣ ከ3,000 በታች የሚገታው ይህ ሞተር ዕድሜውን ሁሉ ከግማሽ በታች ያሳልፋል። በትእዛዝ የሚሠራ ሰሌዳ እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ እስከ 4,000 የተከፈለ ከሆነ እያንዳንዱ መቶ ዙር በግልጽ ይነበባል።

የቤንዚኑ ዳሽቦርድ ጨርሶ የማያውቃቸው ሁለት ጌጆችም አሉ፤ የጭስ ሙቀት መለኪያውና የቱርቦ ግፊት መለኪያው። የነዳጅ ፓምፑ ተከፍቶ ኃይሉ ለተጨመረ ወይም ከባድ ተጎታች ለሚስብ ናፍጣ ከሁሉ የሚቀድመው የመጀመሪያው ነው። በናፍጣ ሞተር ነዳጅ ሲበዛ ሙቀቱ ይጨምራል፤ የራዲያተሩ ውኃ ገና ሳይግል ፒስተኑ ሊቀልጥ ይችላል። አሜሪካውያን ባለሙያዎች ለረጅም ዳገት በተለምዶ የሚያስቀምጡት ጣሪያ ከ1,250 እስከ 1,300 ፋራናይት፣ ማለትም ከ675 እስከ 705 ሴልሺየስ ገደማ ነው። የሚለካውም ጭሱ ወደ ቱርቦው ከመግባቱ በፊት ማኒፎልዱ ላይ ነው። ከቱርቦው በኋላ ቢለካ ንባቱ በመቶ እና ከዚያ በላይ ዲግሪ ሊያንስ ስለሚችል ሹፌሩን ያዘናጋል። የዚህ ሞተር ማኒፎልድ የፊት ሦስቱንና የኋላ ሦስቱን ሲሊንደሮች ጭስ ለይቶ የሚወስድ በመሆኑ አንድ ሴንሰር የሚያየው ግማሹን ብቻ ነው። ቀዳዳው ሲበሳ የብረት ፍቅፋቂ ወደ ቱርቦው እንዳይገባ ቱርቦውን ቀድሞ ማውረድ ከሁሉ አስተማማኝ ነው።

ሴንሰሩ «ኬ» የሚባለው ዓይነት ቴርሞካፕል ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ሲገናኙ የሚፈጥሩትን ቮልት ያነባል፤ በ700 ዲግሪ ሴልሺየስ እንኳ ያ ቮልት 29 ሚሊቮልት ገደማ ነው። በዚህ መጠን ላለ ምልክት የሽቦው ዓይነት የመለኪያው አካል ነው። ሽቦው አጠረ ተብሎ ተራ መዳብ ከተቀጠለ ንባቱ ይዛባል፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተገለባበጡ መርፌው ወደ ኋላ ይሄዳል።

የቱርቦ ግፊት መለኪያው ለብቻው ብዙ አይናገርም፤ ከጭሱ ሙቀት ጋር ሲነበብ ግን ብዙ ያስታውቃል። በተለመደው ዳገት ላይ ግፊቱ ወርዶ ሙቀቱ ከወጣ አየር የሚያመልጥበት ቦታ አለ ማለት ነው፤ የኢንተርኩለሩ ቱቦ ማሰሪያ መላላቱ የተለመደ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ላለው ባለ 12 ቫልቭ እስከ 35 ፒኤስአይ የሚያነብ ጌጅ ይበቃል፤ ፓምፑ ለተከፈተበት እስከ 60 የሚያነበው ይመረጣል። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ መሆኑ ደጋ ላይ ለሚነዱ ትልቅ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ላይ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ገደማ ስለሚያንስ፣ ጌጁ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢያሳይም ሞተሩ የሚያገኘው አየር ያነሰ፣ ጭሱም የጋለ ነው። በኮሎራዶ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው የአይዘንሃወር ዋሻ ተጎታች እየሳቡ የሚወጡ ፒክአፖችም የሚፈተኑት በዚሁ ነው።

የዘይትና የቱርቦ ግፊት መለኪያዎች በሜካኒካልም በኤሌክትሪክም ይገኛሉ። ሜካኒካሉ ፈረንሳዊው ኡዠን ቡርዶን በ1849 ባስመዘገበው የተጣመመ ቱቦ ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ ሳይፈልግ በትክክል ያነባል፤ የሬዚስታንስ ጣጣም የለበትም። ይሁን እንጂ የዘይቱ ትኩስ ዘይት በቀጭን ቱቦ እስከ ጋቢና ያመጣል፤ ቱቦው ከተሰነጠቀ ዘይቱ ሹፌሩ እግር ላይ ይፈስሳል። አየር ብቻ ለሚያልፍበት ቱርቦ ሜካኒካል፣ ለዘይት ኤሌክትሪክ መግጠም ሚዛናዊ ነው።

ኤሌክትሪኩ ሲገጠም የሴንሰሩ የማሰሪያ ጥርስ ይታይ። የአሜሪካው ባለ ስምንተኛ ኢንች የሾጠጠ ጥርስ በኢንች 27፣ የእንግሊዙ 28 ነው። አንዱ ወደ ሌላው አንድ ሁለት ዙር ይገባና ይጠብቃል፤ የገጠመ ይመስላል፤ ከዚያ ያንጠባጥባል። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳውን የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ስለሆነ እንዳያንጠባጥብ ተብሎ ነጭ ቴፕ ከተጠቀለለበት ግንኙነቱ ሊደክምና ንባቱ ሊሳሳት ይችላል።

ከ1998 አጋማሽ በኋላ የመጡት ባለ 24 ቫልቮች ፓምፓቸው በኤሌክትሮኒክስ ይታዘዛል፤ በ2003 ደግሞ ኮመን ሬል ተከተለ። በእነዚህ ላይ ዙርና ሙቀትን የመሰሉ መረጃዎች የሞተሩ ኮምፒውተር ዘንድ አስቀድመው ስላሉ የኮምፒውተሩን ቋንቋ የሚያነብ ጌጅ ወይም አስተርጓሚ ሣጥን ሴንሰር ከመደራረብ ያድናል። እንደ ዳኮታ ዲጂታል ያሉ አምራቾች ሙሉ ስብስብ ከነማገናኛው ያቀርባሉ። ሙሉ ስብስብ ሲገባ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አብሮ ይቀየራል፤ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አዲሱ ቆጣሪ የድሮውን ንባብ መያዝ ካልቻለ ከዜሮ እንዲጀምርና የቀድሞው ንባብ በግራው በር ፍሬም ላይ በጽሑፍ እንዲለጠፍ ያዛል።

ዳሽቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱ ጌጅ ከሌላ መለኪያ ጋር ይመሳከራል። የውኃ ሙቀት ሴንሰሩ ከቴርሞሜትር ጋር በሚፈላ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ቴርሞሜትሩ የሚያስፈልገው ውኃ በከፍታ ቦታ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል። ለዘይቱ ሜካኒካል ጌጅ ለጊዜው ጎን ለጎን ይገጠማል፤ ዙሩ የክራንክ ፑሊውን በብርሃን በሚያነብ የእጅ መለኪያ፣ ፍጥነቱ በስልክ ሳተላይት ይረጋገጣል። የነዳጁ ከባዶ ታንክ ተነሥቶ በሊትር እየተለካ ሲሞላ መርፌው ሩብ፣ ግማሽና ሙሉ ላይ የት እንደቆመ ይመዘገባል።