የሥራ ስልካችን ካሜራ ለምን ተዘጋ?

«ሲስተር፣ ቁስሉን ፎቶ አንሺና ገዳሪፍ ላለው ሐኪም ላኪለት» ስትሉን እምቢ የምንለው ሰንፈን አይደለም። የሥራ ስልኮቻችንን ከማዕከል የሚቆጣጠር ፕሮግራም ካሜራቸውን ዘግቶታል። እኛ ልንከፍተው አንችልም።

ፎቶ መልክ ብቻ አይይዝም። የስልኩ የቦታ መጠቆሚያ ክፍት ከሆነ የተነሣበት ሥፍራም በውስጡ ይመዘገባል። ዘመዱ ከድንበር ወዲያ ለቀረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ በኮምፒዩተር ሰርጎ ገቦች መደፈሩን አስታውቋል፤ ከነዚህም መካከል ከቤተሰባቸው የተለያዩና የጠፉ ሰዎች ነበሩ። በጥንቃቄ የተቀመጠው እንዲህ ከሆነ፣ በነርስ ኪስ ያለውስ?

እኔን የሚያስቸግረኝ ካላዛር ነው። ገዳሪፍ በሽታው የሚበዛበት አካባቢ ነው። አንዳንድ ታካሚዎች ከዳኑ ከወራት በኋላ ፊታቸው ላይ ሽፍታ ይወጣል። ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ሽፍታውን ነው፤ ሽፍታው ያለው ደግሞ ሰው በሚለይበት ፊት ላይ! በእኔ አስተያየት በአንድ ስልክ ብቻ፣ ታካሚው ሲፈቅድ፣ ካሜራው ቢከፈት ይሻላል። እስከዚያው በጽሑፍ እየገለጽን ታካሚውን ራሱን እንልካለን።

የእናንተን የግል ስልክ ግን ማንም አይዘጋውም። በተራ መጠበቂያው ፎቶ ስታነሡ ከኋላ ማን እንደተቀመጠ ተመልከቱ፤ በተለይ የቲቢና የኤች አይ ቪ ክትትል ቀን። የልጃችሁን የክትባት ቀን ማስታወሻ ከፈለጋችሁ ከክሊኒኩ በር ወጥታችሁ አንሡት።