ከነፋስ መውጫ እስከ ወገዳ፦ አዲስ ኃላፊ የት ይሠለጥናል?

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ በላይና ታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አንድ ገበሬ መንግሥትን የሚያውቀው በጥቂት ሰዎች በኩል ነው፤ በጤና ጣቢያ ኃላፊው፣ በርዕሰ መምህሩ፣ በቀበሌ ሥራ አስኪያጁ፣ በግብርና ሱፐርቫይዘሩና በሴፍቲኔት የቡድን መሪው። አብዛኞቹ ለኃላፊነት የበቁት በሙያቸው ጎበዝ ሆነው በመገኘታቸው ነው። ነርሷ ደኅና ስላከመች፣ መምህሩ ሒሳብ አሳምሮ ስላስተማረ ይሾማሉ። ከዚያ በኋላ የሚጠብቃቸው ሥራ ግን ሌላ ነው። ትናንት አብሯቸው ቡና ይጠጣ የነበረውን ባልደረባ ዛሬ ይገመግማሉ፤ በጀት ያብቃቃሉ፤ ጠብ ይፈታሉ፤ ከወረዳ የወረደ ዕቅድ ለሠራተኛ ያከፋፍላሉ። ይህንን ማን ያስተምራቸዋል? በርቀት የሚሰጠው ሥልጠናስ ምን ያህል ያግዛቸዋል?

ከሁሉም ሰፊ ልምድ ያለው የጤናው ዘርፍ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች እንዲመደቡ ተደረገ፤ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁና አንድ ዓመት የሠለጠኑ። አንድ ጤና ጣቢያ በዙሪያው ካሉ አምስት ያህል ጤና ኬላዎች ጋር አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ አሃድ ሆነ። እንግዲህ የጤና ጣቢያ ኃላፊ የሚመራው በግቢው ያሉትን አዋላጅ፣ ፋርማሲስትና የላቦራቶሪ ባለሙያ ብቻ አይደለም፤ በእግር ሰዓታት በሚርቁ ኬላዎች የተቀመጡ አሥር ያህል ሴቶችንም ነው። በስማዳ ከወገዳ ከተማ ወጥቶ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ቆላ ለሚወርድ፣ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ የጉናን ግርጌ ለሚዞር ሰው ይህ ርቀት ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም። በዓይን የማያዩትን ሠራተኛ መምራት ለአዲስ ኃላፊ ከባዱ ፈተና ነው።

በ2003 ዓ.ም. አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሕፃናትን የሳንባ ምች በቀበሌያቸው እንዲያክሙ ሲፈቀድላቸው አብሮ የመጣ አንድ አሠራር አለ፤ በዘርፉ ካየሁት ሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ሠራተኞቹ የሕክምና መዝገባቸውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። ገጽ እየተገለጠ ይህ ሕፃን ትንፋሹ በደቂቃ ስንት ነበር፣ የተሰጠው መድኃኒት ከክብደቱ ጋር ይሄዳል ወይ፣ ለክትትል ተመልሶ መጥቷል ወይ እየተባለ ይታያል። መማሪያው የራሳቸው ሥራ ነው። በዚያው መድረክ የሚማረው ሌላው ሰው ደግሞ ኃላፊው ራሱ ነው፤ ስሕተትን ሳያዋርድ ማረም፣ ቁጥርን ከሰው ጋር ማያያዝ፣ የጎደለውን አቅርቦት መዝግቦ መከታተል እዚያ ይለመዳል።

ይህ ዓይነቱ ሥልጠና ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የጋይንቱ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባም የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ከመላው ሀገር ተማሪ ሲቀበሉ ኖረዋል። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው መምህሩ ፊት ቆሞ ያዜማል፤ ሲስት ወዲያው ይታረማል። የቀደሙት ኋላ የመጡትን ያስጠናሉ፤ ተመስክሮለት መምህር የሚሆን ሰው ከሹመቱ በፊት ለዓመታት ሌላውን ሲያስጠና የቆየ ነው። ዘመናዊው መሥሪያ ቤት ግን ሰውን መጀመሪያ ይሾምና ሥልጠናው ኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴም ሳይመጣ ይቀራል።

የትምህርት ዘርፍ ክረምትን ይጠቀማል። ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች በዩኒቨርሲቲዎች በትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ይማራሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሐምሌ ላይ የተማረው ጥቅምት ላይ ሲፈተን አጠገቡ የሚጠይቀው ሰው የለም። ያን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው የጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር ነው። እሱ ግን የሚመዘነው አብዛኛውን ጊዜ ባስገባው ሪፖርት እንጂ ባሳደገው ርዕሰ መምህር አይደለም።

በግብርናው በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት የልማት ሠራተኞች አሉ፤ ለደቡብ ጎንደር ቅርቡ የሥልጠና ቦታ ወረታ ያለው የግብርና ኮሌጅ ነው። ከእነሱ በታች ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ መሪ አለ፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም የማኅበረሰብ ሥራ ቡድን መሪ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ፕሮግራሙ ከያዛቸው ወረዳዎች ውስጥ ናቸው። የቡድን መሪው ሰው ያሰማራል፤ የመገኘት መዝገብ ይይዛል፤ እሱ የሚጽፈው ምልክት ለችግረኛ ቤተሰብ ክፍያ ነው። እርከን ሲሠራ በሁለት እንጨትና በገመድ ላይ በተንጠለጠለ ውኃ ልክ የተዳፋቱን ደረጃ ያስጠብቃል። ይህን በስክሪን ማስተማር አይቻልም፤ ዳገቱ ላይ ቆሞ መለካት ያስፈልጋል። የመገኘት መዝገብ አያያዝን፣ የቅሬታ አቀራረብን፣ የነፍሰ ጡር ሴትን ከሥራ ነፃ መሆን ግን በስልክ ድምፅ ማስረዳት ይቻላል። በግብርናው ስልክ እንደሚሠራ ታይቷል፤ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው የ8028 መስመር ኢንተርኔትም ማንበብም ሳይጠይቅ በነፃ በድምፅ ምክር ይሰጣል፤ ሚሊዮኖችም ደውለውበታል።

ኢትዮጵያ ከርቀት ሥልጠና ጋር የተዋወቀችው ከኮቪድ በፊት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳተላይት የተዘረጋው ወረዳ ኔት የወረዳ አስተዳደሮችን በቪዲዮ ስብሰባ አገናኘ፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የፕላዝማ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ፕላዝማው ያስተማረንን መርሳት የለብንም። ስክሪኑ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ተማሪው ቆይ ሊለው አይችልም፤ መምህሩም በገዛ ክፍሉ መግቢያና ማጠቃለያ ብቻ የሚናገር ረዳት ሆነ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል። ዛሬ በዙም የሚሰጡ ብዙ ሥልጠናዎች ይህንኑ ይደግማሉ፤ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ያለ አሠልጣኝ ስላይድ ያነባል፤ ወረዳ ያሉት ድምፃቸውን ዘግተው ይሰማሉ።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ ስብሰባ ቆመና ቴሌግራም የብዙ መሥሪያ ቤት የሥልጠና ክፍል ሆነ። ጤና ሚኒስቴርም ከአጋሮቹ ጋር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን የሙያ ማሻሻያ ከፊሉን በታብሌት፣ ከፊሉን በአካል መስጠት ጀመረ። ለምሥራቅ ደቡብ ጎንደር የሚስማማው ይኸኛው ድብልቅ መንገድ ነው፤ ትምህርቱ ኔትወርክ ባለበት ተጭኖ በሌለበት ይከፈታልና።

ያም ሆኖ በዚህ አካባቢ መስመር ይኖራል ብሎ ዕቅድ ማውጣት አይቻልም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ደርሶ ሕዝቡን ክፉኛ ጎዳ፤ የጤና ተቋማትም ተዘረፉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ግጭት ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። በእነዚህ ጊዜያት ጤና ኬላ ከፍታ የቆየች ሴት፣ ተማሪ ሰብስቦ ያስፈተነ ርዕሰ መምህር ምንም ዓይነት የመስመር ላይ ኮርስ አልደረሰላቸውም። የያዙት ቀድሞ የለመዱትን አሠራርና የጎረቤት ተቋም ኃላፊን ስልክ ቁጥር ነበር። ስለዚህ ማንኛውም የርቀት ሥልጠና ሰዎቹን እርስ በርስ ማስተዋወቅ ይገባዋል እላለሁ፤ የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ኃላፊ የወገዳውን በስም የሚያውቅ ከሆነ መስመር ቢቋረጥ እንኳ የሚያማክረው አያጣም።

ጥሩ የርቀት ሥልጠና ምን ይመስላል? አጭር ነው፤ የአንድ ሳምንት አዳራሽ ወደ ስክሪን ሲገለበጥ ማንም አይከታተለውም። በቡድን ከአሥርና ከአሥራ ሁለት ሰው አይበልጥም፤ ከዚያ ካለፈ የሚናገሩት ሁልጊዜ ያው ደፋሮቹ ይሆናሉ። ተሳታፊው ከራሱ መሥሪያ ቤት አንድ ችግር ይዞ ይገባል፤ ለምሳሌ ሁልጊዜ የሚዘገይ ሠራተኛን እንዴት እንደሚያነጋግር ከባልደረባው ጋር በስልክ ይለማመዳል፤ በሳምንቱም ተመልሶ የሆነውን ይናገራል። ከአሠልጣኙ ሌላ ዝርዝሩን የሚይዝ፣ የተቋረጠበትን መልሶ የሚደውል ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ በወሩ ውስጥ ደጋፊ ክትትል የሚያደርግ ሰው በአካል መድረስ አለበት፤ በስክሪን የተባለው በመዝገብና በስብሰባ ላይ መታየቱን የሚያረጋግጠው እሱ ነው።

አበልን ማለፍ አይቻልም። ኃላፊዎች ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ተጠርተው ሲሠለጥኑ የሚከፈላቸው አበል ለአነስተኛ ደመወዛቸው ድጎማ ሆኗል፤ በተጠሩበት ሳምንት ግን ጤና ጣቢያው ያለ ኃላፊ ይከርማል። የርቀት ሥልጠናው ይህን ይቆጥባል፤ ከቆጠበው ላይ የካርድና የዳታ ወጪያቸውን ካልሸፈነ ግን ሸክሙን ወደ ሠልጣኙ ኪስ ማዞር ይሆናል። ለመማሪያ የተፈቀደ ሰዓትም ያስፈልጋል፤ አለዚያ ኃላፊዋ በአንድ እጇ ታካሚ እያየች በሌላው ስልክ ትይዛለች።

የመጨረሻው ጉዳይ ዝውውር ነው። አዲስ ኃላፊ ሥራውን መልመድ ሲጀምር ይነሣል፤ ተተኪው የሚረከበው ማኅተምና ቁልፍ ነው። ወረዳዎቹ በራሳቸው ሥልጣን ነገ ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር እዚህ አለ፦ ተነሺው ለተተኪው ሁለት ሳምንት ጎን ለጎን ሠርቶ እንዲያስረክብ፣ ከዚያም ለሦስት ወር በሳምንት አንድ ቀን በስልክ እንዲያማክረው፣ ይህም በዝውውር ደብዳቤው ላይ እንዲጻፍ ማድረግ።