የተዘጋውን የሐሺማ ማዕድን በምስል ስለ መጐብኘት

ተመራማሪ እግሩ ያልረገጠውን ሥፍራ በሌሎች ጽሑፍና ሥዕል ማጥናቱ የቈየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን ከወንበሩ ሳይነሣ፥ በኮምፒዩተር አማካይነት፥ ሰው በተለየው ከተማ ውስጥ እንደ ልቡ ሊዘዋወር ይችላል። ይህ ምናባዊ ጕብኝት ለባህል ጥናት ምን ያህል ማስረጃ እንደሚሆን ለመመርመር፥ በጃፓን አገር የምትገኘውን የሐሺማን ደሴት እንመልከት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሐሺማ በናጋሳኪ አቅራቢያ በባሕር ላይ የምትገኝ፥ ስፋቷ ከ6.3 ሄክታር የማይበልጥ ደሴት ናት። የሚትሱቢሺ ኩባንያ በ1890 ገዝቷት የድንጋይ ከሰል አወጣባት። ቦታው ጠባብ ስለ ሆነ፥ በ1916 ለሠራተኞች ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ በአርማታ ተሠራ። በ1959 የነዋሪው ቍጥር 5259 ደረሰ፤ ይኸውም በአንድ ሄክታር ከ800 ሰው በላይ ማለት ነው። ነዳጅ ዘይት የከሰልን ሥፍራ በመውሰዱ ማዕድኑ በ1974 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ፤ በጥቂት ወራትም ውስጥ ደሴቲቱ ባዶ ቀረች።

ከ2009 ጀምሮ ለጐብኚዎች ብትከፈትም፥ ሕንፃዎቹ የሚፈርሱ ስለ ሆኑ ከተከለለው መተላለፊያ ማለፍ አይፈቀድም። በ2013 ግን የጉግል ኩባንያ ሠራተኛ ካሜራ በጀርባው አዝሎ የተከለከለውን ክፍል ጭምር እየዞረ አነሣ። ስለዚህ ምስሉን የሚመለከት ሰው በጀልባ ከሄደው ይልቅ ብዙ ያያል። ማዕበልና ጨው የሚበሉት ሕንፃ ወደ ፊት ቢወድቅ እንኳ፥ የዚያን ዓመት መልኩ ተጠብቆ ይቈያል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ የሚታየው መኖሪያው እንጂ ማዕድኑ አይደለም። ከሰሉ ይቈፈር የነበረው ከባሕሩ በታች፥ እስከ 1000 ሜትር በሚደርስ ጥልቀት፥ በሙቀትና በእርጥበት ውስጥ ነው፤ ካሜራው ወደዚያ አልወረደም። ከዚህ የሚብስ ጕድለትም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከኮርያና ከቻይና ተገደው የመጡ ሰዎች በዚሁ ጕድጓድ ሠርተዋል። ደሴቲቱ ከሌሎች የኢንዱስትሪ ሥፍራዎች ጋር በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ስትመዘገብ፥ የጃፓን መንግሥት ይህን ታሪክ ለጐብኚዎች ለማስረዳት ቃል ገባ። በ2020 በቶክዮ ለዚሁ የሚሆን ማእከል ተከፈተ፤ ነገር ግን በ2021 የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ቃሉ በሙሉ አለመፈጸሙን በመግለጥ ብርቱ ቅሬታውን አስታወቀ።

እኔ ራሴ ምስሉን መጀመሪያ ስከፍት፥ በግድግዳው ላይ የበቀለውን አረምና የዛገውን ብረት እያደነቅሁ ብዙ ቈየሁ፤ በነዚያ ክፍሎች ማን ይኖር እንደ ነበረ ለመጠየቅ ያሰብሁት ከዘጋሁት በኋላ ነው። ባዶው ክፍል ነዋሪው ፈቅዶ ይምጣ ተገዶ አይለይም። ስለዚህ ለተማሪዎቼ ምስሉን የማሳየው ከሁለት ዐይነት ቃል ጋር ነው፤ አንደኛው ደሴቲቱን በናፍቆት የሚያስታውሱ የቀድሞ ነዋሪዎች ቃል፥ ሁለተኛውም ተገደው የሠሩት የሰጡት ምስክርነት። ሁለቱ እጅግ ይለያያሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለ አንዲት ደሴት ነው።