በአፈሙዝ ለሚጎርስ የመጀመሪያ የአደን ጠመንጃ ባሩድ ስለ መምረጥ

በዩናይትድ ስቴትስ አብዛኞቹ ግዛቶች፣ ከመደበኛው የአጋዘን አደን ወቅት በተጨማሪ፣ ባሩዱና አረሩ ከፊት በአፈሙዙ በኩል ገብቶ በመጎሰሚያ ዘንግ ለሚጠቀጠቅ ጠመንጃ ብቻ የተለየ ወቅት ይፈቅዳሉ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን የጠመንጃ ዓይነት ከታሪክ ያውቀዋል፤ በ1868 እ.ኤ.አ. አሮጌ በተባለው ሜዳ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በአብዛኛው የያዘው እንዲህ ያለውን ነፍጥ ሲሆን፣ የገጠመውም ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር የታጠቀ የእንግሊዝ ጦር ነበር። ከጦር ሜዳ የወጣው መሣሪያ በሰሜን አሜሪካ ጫካ እስከ ዛሬ የዘለቀው አዳኙን በአንዲት ተኩስ ስለሚወስነውና ወደ እንስሳው እንዲጠጋ ስለሚያስገድደው ነው። ይህን ወቅት አስቦ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ስለ ጠመንጃው ብዙ ይጠይቃል፣ ስለ ባሩዱ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው በመጨረሻ ነው፤ ጥያቄውም የትኛው ባሩድ አረሩን ይበልጥ ያፈጥናል የሚል ይሆናል። በጠመንጃ ጥገና ሙያ ለሚሠራ ሰው ይህ ከሁሉ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ለጥገና የሚቀርቡት ጠመንጃዎች ችግር በአብዛኛው ያልተቀጣጠለ ባሩድ ወይም ሳይታጠብ የከረመ ቱቦ እንጂ የፍጥነት ማነስ አይደለም።

ነገሩን ለመረዳት ከጥቁር ባሩድ መነሣት ያስፈልጋል። ጥቁር ባሩድ ፖታሲየም ናይትሬት፣ ከሰልና ድኝ ተደባልቀው የሚገኝ የቆየ ባሩድ ሲሆን፣ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ጋዝ ሳይለወጥ በጠጣርነቱ ይቀራል። ከአፈሙዙ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስና በቱቦው ግድግዳ ላይ የሚጋገረው ጥላሸት ከዚህ ጠጣር ክፍል የሚመጡ ናቸው፤ ጥላሸቱም ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ብረቱን በፍጥነት ያዝጋል። በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ የሠራው ጭስ አልባ ባሩድ በአንጻሩ መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ሆኖ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ጋዝ ይለወጣል፣ የሚፈጥረውም ግፊት ከጥቁር ባሩድ እጅግ የበለጠ ነው። ስለዚህ ለዘመናዊ ጥይት የሚሠራውን ጭስ አልባ ባሩድ በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ውስጥ መጨመር ቱቦውን የሚያፈነዳና ተኳሹን አካለ ጎዶሎ የሚያደርግ ወይም የሚገድል ተግባር ነው። እንደ ሳቬጅ 10ኤምኤል ያሉ፣ በአምራቹ በግልጽ ለጭስ አልባ ባሩድ የተሠሩ ጥቂት ጠመንጃዎች መኖራቸው እውነት ቢሆንም፣ የእነርሱ መኖር ለሌላው ጠመንጃ ፈቃድ አይሰጥም፤ ጀማሪም ከዚህ መንገድ ቢርቅ ይሻለዋል።

ምርጫውን አስቀድሞ የሚወስነው የጠመንጃው መለኮሻ ነው። በባለ ቡላዱ ጠመንጃ፣ ማለትም ባልጩት ብረት መትቶ በሚያወጣው ብልጭታ በሚለኮሰው፣ በጎኑ ባለች ትንሽ ሳሕን ላይ የተነሰነሰ ደቃቅ ባሩድ አስቀድሞ ይነድና ነበልባሉ በቀጭን ቀዳዳ ወደ ዋናው ባሩድ ይሻገራል። ይህ ብልጭታ ደካማ ስለሆነ ከእውነተኛው ጥቁር ባሩድ በቀር ሌላው በአስተማማኝ አይቀጣጠልለትም። ፔንሲልቬንያ ከ1974 ጀምሮ ባለ ቡላድ ጠመንጃ ብቻ የሚፈቀድበት የአደን ወቅት አላት፤ በዚያ ወቅት ለመውጣት ያሰበ ሰው ስለ ባሩድ ዓይነት የሚያመነታበት ምክንያት የለም። ሁለተኛው ዓይነት መዶሻው ትንሽ የመዳብ ቆብ ሲመታ የሚለኮሰው ነው፤ የዚህ እሳት ከቡላዱ ይበረታል፣ ሆኖም ጠባብ መንገድ ተጠማዝዞ ስለሚሄድ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሦስተኛው ከ1985 ወዲህ በቶኒ ናይት ጠመንጃዎች አማካይነት የተስፋፋው፣ መለኮሻው ከባሩዱ በስተኋላ በቀጥታ መስመር የተቀመጠበት አሠራር ሲሆን፣ የዛሬዎቹ አብዛኛውን ጊዜ 209 የተባለውን የሾትገን ካፕሱል ይጠቀማሉ፤ እሳቱም ከሁሉ የጋለ ነው።

ተተኪ ባሩዶች የሚባሉት የጥቁር ባሩድን ሥራ እንዲሠሩ የተዘጋጁ ሌሎች ቅይጦች ናቸው። የመስፋፋታቸው ምክንያት ከጥራት ይልቅ የሕግ ነው ማለት ይቻላል፤ ጥቁር ባሩድ በፈንጂነት ስለሚመደብ ባለሱቁ በልዩ ማከማቻ እንዲያስቀምጠው ይገደዳል፣ ተተኪዎቹ ግን በቀላሉ ተቀጣጣይነት ተመድበው በመደርደሪያ ላይ ይሸጣሉ። በዚህም ምክንያት በአንድ ከተማ ያሉ የአደን ሱቆች ሁሉ ጥቁር ባሩድ ሳይኖራቸው ሊገኙ ይችላሉ። የአሜሪካው የታወቀ ጥቁር ባሩድ ጎኤክስ እንኳ በ2021 ባለቤቱ የነበረው ሆጅደን ማምረት አቆማለሁ ካለ በኋላ ኤስቲስ የተባለ ድርጅት ባይገዛው ኖሮ ከገበያ ይጠፋ ነበር።

ከተተኪዎቹ ቀዳሚው በ1970ዎቹ የወጣው ፓይሮዴክስ ነው። ከጥቁር ባሩድ ይልቅ ለመቀጣጠል የጋለ እሳት ይፈልጋል፤ ድኝም ፖታሲየም ፐርክሎሬትም ስላለበት የሚተወው ዝቃጭ ብረትን ክፉኛ ይበላል፣ በዋጋው ከሚገኘው ጥቅም አንጻር ዛሬ ለጀማሪ የሚመከርበት ምክንያት አነስተኛ ነው። ትሪፕል ሰቨን ድኝ የሌለበት፣ በውኃ ብቻ የሚታጠብና ጉልበቱ ከጥቁር ባሩድ የሚበልጥ ስለሆነ፣ ለጥቁር ባሩድ ከተወሰነው መጠን በ15 በመቶ ገደማ ተቀንሶ እንዲሰፈር አምራቹ ያሳስባል። ጉድለቱ በጋለ ካፕሱል ሲተኮስ አረሩ ከሚያርፍበት ቦታ በላይ እንደ ቀለበት የሚጠነክር ዝቃጭ መተዉ ነው፤ ሁለተኛውን አረር ዝቅ ማድረግ ያቃተው አዳኝ አረሩ ባሩዱ ላይ መድረሱን ሳያውቅ ይቀራል። ለዚህ ችግር ሲባል ጉልበታቸው የተቀነሰ 209 ካፕሱሎች ተሠርተዋል። ብላክሆርን 209 ደግሞ በ2008 በሞንታና የወጣ፣ መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ሆኖ ግፊቱ ለእነዚህ ጠመንጃዎች የተመጠነ ባሩድ ነው፤ ዝቃጩ ጥቂት፣ እርጥበት መሳቡም አነስተኛ ስለሆነ በተከታታይ ለመተኮስ ይመቻል። ነገር ግን ሙሉ ጉልበት ያለው 209 ካፕሱል ካልሆነ አይነድም፤ በባለ ቡላዱም ሆነ በመዳብ ቆቡ ጠመንጃ አይሠራም፤ ለትሪፕል ሰቨን የተሠራውን ደካማ ካፕሱል ይዞ ወደ ብላክሆርን የተሻገረ ሰውም ዘግይቶ የሚተኩስ ወይም ጨርሶ የማይተኩስ ጠመንጃ ያጋጥመዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የመለኪያ ነገር ጀማሪዎችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያደናግርና ከሁሉ ይበልጥ አደገኛ ስለሆነ ሰፋ ብሎ መታየት ይገባዋል። ግሬን የክብደት መለኪያ ነው፤ 7000 ግሬን አንድ ፓውንድ፣ 100 ግሬንም ወደ 6.5 ግራም ይሆናል። በአፈሙዝ በሚጎርስ ጠመንጃ ግን ባሩድ የሚሰፈረው በሚዛን ሳይሆን በመስፈሪያ ነው፤ በመስፈሪያው ላይ 100 ተብሎ የተጻፈው ቁጥርም ያ መስፈሪያ በጥቁር ባሩድ ሲሞላ 100 ግሬን ይመዝናል ማለት ነው። አንድ ጣሳ ገብስ ከአንድ ጣሳ ጤፍ ጋር በክብደት እንደማይተካከል ሁሉ፣ በዚያው መስፈሪያ የተሞላ ብላክሆርን የሚመዝነው 70 ግሬን ያህል ብቻ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በመጽሐፍ 100 የሚለውን አንብቦ በሚዛን 100 ግሬን ብላክሆርን ቢመዝን፣ በመስፈሪያ ሲታሰብ ወደ 143 የሚጠጋ አስገብቷል፤ አምራቹ የፈቀደው ከፍተኛ መጠን ግን በመስፈሪያ 120 ነው። ሚዛን መጠቀም ራሱ ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ወጥነትን ይጨምራል፣ ነገር ግን በመጀመሪያ በመስፈሪያ የተሰፈረው ባሩድ ምን ያህል እንደሚመዝን ማወቅና ያንኑ ክብደት መያዝ ያስፈልጋል። መስፈሪያውም ከባሩድ ማስቀመጫው የተለየ መሆን አለበት፤ ከማስቀመጫው በቀጥታ ወደ ቱቦው የሚያፈስ ሰው፣ ከቀደመው ተኩስ የቀረ ፍም ካለ፣ በእጁ የያዘውን ባሩድ ሁሉ ሊያነድደው ይችላል።

የጥቁር ባሩድ ቅንጣት መጠን በኤፍ ፊደል ብዛት ይለያል፤ ፊደሉ በበዛ ቁጥር ቅንጣቱ ይደቅቃል፣ የደቀቀውም ፈጥኖ ይነድዳል። ለ.50 ካሊበርና ከዚያ በላይ ለሆነ ጠመንጃ ሁለት ኤፍ፣ ከዚያ በታች ላለው ሦስት ኤፍ፣ ለባለ ቡላዱ ሳሕን አራት ኤፍ የተለመዱ ናቸው።

መስፈርን ለማስቀረት ተብለው የተሠሩት የተጠጠሩ ፍሬዎች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አብዛኛውን ጊዜ የ50 ግሬን ምትክ ሆነው በእንክብል መልክ የሚሸጡት፣ ለችኩል ሰው የሚማርኩ ናቸው። ጉዳታቸው መጠኑን በ50 ካልሆነ በቀር ማሳነስም ማብዛትም አለመቻሉ ነው፤ አንድ ጠመንጃ በ85 ላይ አረሮቹን አቀራርቦ የሚመታ ከሆነ ባለቤቱ ይህን ፈጽሞ አያውቀውም። ከዚህም በላይ ኮሎራዶ፣ ኦሪገንና አይዳሆ በልዩው ወቅት የተጠጠረ ባሩድን ይከለክላሉ፤ አይዳሆ 209 ካፕሱልንም ስለምትከለክል ብላክሆርን፣ ምንም እንኳ ልቅ ባሩድ ቢሆን፣ በዚያ ወቅት አይጠቅምም። በኮሎራዶዋ ዴንቨር አካባቢ ከሚኖሩት አማርኛ ተናጋሪዎች መካከል ይህን አደን የሚጀምር ሰው ጓደኛው በሌላ ግዛት የተጠቀመበትን ዕቃ እንዳለ ከመግዛቱ በፊት የዓመቱን የአደን ደንብ ማንበብ ይኖርበታል።

ስለ እጥበት ጥቂት መናገር ይበቃል፤ ምክንያቱም ሥራው ቀላል ነው፣ የሚጎድለው ትጋት ነው። ጥቁር ባሩድ፣ ፓይሮዴክስና ትሪፕል ሰቨን የሚተዉት ዝቃጭ በውኃ ይሟሟል፤ ሙቅ ውኃና ትንሽ ሳሙና፣ ከዚያም ማድረቅና ዘይት መቀባት በተተኮሰበት ዕለት ይፈጸማል። ብላክሆርን በውኃ አይለቅም፣ ለዘመናዊ ጠመንጃ የሚሠራውን ማሟሚያ ይፈልጋል፤ ቱቦውን ከኋላ በሚዘጋው መድፈኛ ቀዳዳ ውስጥ የሚከማቸው ካርቦንም ካልተፋቀ ቀስ በቀስ እሳቱን ያፍናል። ዝቃጩ አነስተኛ ነው ስለተባለ ጠመንጃውን ለሳምንታት የሚተው ባለቤት መድፈኛው ተጣብቆ ሲይዝበት ወደ ጠጋኝ ይሄዳል።

ለመዳብ ቆብ ጠመንጃ ገዥ፣ ሱቁ ካለው፣ እውነተኛው ጥቁር ባሩድ ይመረጣል፤ ባለ 209 ለገዛና ሕጉ ለፈቀደለት ደግሞ ልቅ ትሪፕል ሰቨን ወይም ብላክሆርን በቂ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚለየው በአብዛኛው ባለቤቱ በውኃ መታጠብን ወይም በማሟሚያ መወልወልን መውደዱ ነው። የትኛውም ቢሆን ከ70 ወይም 80 ግሬን መስፈሪያ ጀምሮ፣ ከአምራቹ ወሰን ሳያልፍ፣ በአምስት አምስት እየጨመሩ ኢላማ መመልከት ይገባል። ብዙ ባሩድ መጨመር ፍጥነትን በዚያው ልክ አያሳድግም፤ ትርፉ አጸፋዊ ግፊት፣ ጭስና ዝቃጭ ነው። አረሩ ሁልጊዜ ባሩዱ ላይ ተጭኖ እንዲያርፍ፣ በመካከል ክፍተት ከቀረ ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ስለሚችል፣ በትክክል በጎረሰ ጊዜ የመጎሰሚያ ዘንጉ ከአፈሙዙ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ምልክት ይደረግበታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ምልክቱ ከአፈሙዙ በላይ ከታየ አረሩ አልደረሰም፣ ወይም ባሩድ ሁለት ጊዜ ተጨምሯል። አንድ ፓውንድ ጥቁር ባሩድ በ80 ግሬን ሲሰፈር ወደ 87 ተኩስ ይወጣዋል፤ ይህ ኢላማ ለማስተካከልም ለመጀመሪያው ወቅትም ስለሚበቃ ከዚያ በላይ ቀድሞ መግዛት አያስፈልግም፣ የተረፈውም ወደ ሌላ ዕቃ ሳይገለበጥ በመጣበት ጣሳ፣ ከእሳትና ከልጆች ርቆ ይቀመጣል።