ጡረተኛው ወዴት ይሂድ?

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላሉ አበው። ነገሩ እውነት ነው፤ የሚክደውም የለም። ነገር ግን ሰው 60 ዓመት ሞልቶት ደመወዙ በጡረታ አበል ሲለወጥ፣ ያ የቅርብ ጎረቤት ያለበት ሰፈር ኪራዩ ከአቅሙ በላይ የሆነበት እንደሆነ ምን ያድርግ? ጎረቤቱን ይያዝ ወይስ ኑሮ ወደሚረክስበት አገር ይሂድ? በዚህ ጥያቄ እንድናስብ ያስገደዱን አጎታችን ናቸው።

አጎታችን መምህር ናቸው። ከ1981 ዓ.ም. እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ 36 ዓመት አስተምረው ጡረታ ወጡ። የመጀመሪያዎቹን 8 ዓመታት ያስተማሩት በአርሲ፣ ዲክሲስ ነበር። ዲክሲስ ከአሰላ በስተምሥራቅ በደጋው ላይ ያለች የገብስና የስንዴ አገር ናት። ከዚያ ዝውውር አግኝተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ትዳር መሠረቱ፤ ልጆች አሳደጉ። የራሳቸውን ቤት ግን ለመሥራት አልቻሉም። ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር አንድ ማታ ደብተርና እርሳስ ይዘው ከፊታችን ተቀመጡና፣

«ልጄ፣ አንተ ዩኒቨርሲቲ የጨረስህ ነህ። እስቲ ይህን ሒሳብ አብረን እንየው» አሉን።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ባስቀመጠው ስሌት፣ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት፣ ሲቪል ሠራተኛ ከሆነ፣ 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። እንግዲህ የ36 ዓመት አገልግሎት 62.5 በመቶ ያስገኛል ማለት ነው። አማካይ ደመወዙ 8,000 ብር የነበረ ሰው በወር 5,000 ብር ይደርሰዋል። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ይህም በ18 ዓመቱ ሥራ ይዞ አንድም ቀን ሳያቋርጥ ለሠራ ሰው ብቻ የሚቻል ነው።

ወጣቱ አንባቢያችን «ይህ የሽማግሎች ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን ለመግለጥ ይቸኩል ይሆናል። ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን። ከእያንዳንዱ ሲቪል የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱም በኩል 11 በመቶ በየወሩ ለጡረታ ገቢ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለ ወጣት ሹም የነገውን ጡረተኛ በኪሱ ይዞት ይዞራል።

ዋናው ችግር አበሉ የሚሰላው ባለፉት ዓመታት ደመወዝ ሲሆን፣ ዋጋ የሚንረው ግን በሚመጡት ዓመታት መሆኑ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበረ የምንዘነጋው አይደለም። አበል አልፎ አልፎ ይሻሻላል፤ ኪራይ ግን እንዲሻሻል ማንም አይማልድለትም፤ በራሱ ጊዜ ይጨምራል። አጎታችን በደብተራቸው ላይ ኪራዩን፣ ጤፉን፣ ዘይቱን፣ የታክሲውን፣ የደም ግፊት መድኃኒቱንና የእድሩን መዋጮ በተራ ጻፉ። ደምረን ስናየው ኪራዩ ብቻውን ከአበላቸው ከግማሽ በላይ ይወስድ ነበር። እርሳሳቸውን አስቀመጡና፣

«ዲክሲስ ብሄድ ከዚህ ኪራይ ሲሶውን ብቻ ብከፍል ነው» አሉ።

ወሬውን ከጓዳ ሆነው ይሰሙ የነበሩት ባለቤታቸው እትዬ ብቅ አሉና፣ «ብሩን ቆጠርከው። ሰውንስ ቆጠርከው? ሃያ ስምንት ዓመት እድር ከፍዬ፣ የሰው ለቅሶ ለቅሼ፣ በሰው ድንኳን አስተናግጄ፣ እኔ የሞትኩ እንደሆነ ዲክሲስ ላይ ማን ያውቀኛል?» አሉ። በዚያ ምሽት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

በሌላውም ዓለም ጡረተኛው ይህንኑ ሒሳብ ያሰላል። በአሜሪካ፣ በአሪዞና ግዛት ከፊኒክስ ከተማ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1 ቀን 1960፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር በታኅሣሥ ወር 1952 ዓ.ም.፣ «ሰን ሲቲ» የተባለች የጡረተኞች ከተማ ተከፈተች። ያቋቋማት ዴል ዌብ የተባለ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ነበር። ፀሐይ፣ የጎልፍ ሜዳና መዋኛ ያላት፣ በቤት ዋጋም የማትከብድ ከተማ ናት ተብሎ ስለተነገረላት፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀኖች 100 ሺሕ ያህል ሕዝብ ሊያያት ጎርፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብርዱንና የኑሮውን ውድነት ሸሽተው ከሰሜኑ ግዛቶች ወደ አሪዞናና ወደ ፍሎሪዳ የሚሄዱ ጡረተኞች ብዙዎች ናቸው። ፍሎሪዳ ግዛቱ የሚያስከፍለው የገቢ ግብር የሌለበት መሆኑም አንዱ መሳቢያ ነው።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለችው ከተማ አንድ የጎደላት ነገር አለ፤ እሱም ልጅ ነው። እንደነዚህ ባሉ ሰፈሮች ቤት ይዞ ለመኖር ከቤተሰቡ አንዱ ቢያንስ 55 ዓመት የሞላው እንዲሆን ይፈለጋል፤ ልጆችም በቋሚነት አይኖሩባቸውም። ከዚህ የተነሣ የሰን ሲቲ ነዋሪዎች ለአካባቢው ትምህርት ቤቶች ማሠሪያ የሚሆነውን ብድር በድምፅ ደጋግመው እስከ መጣል ደርሰው ነበር። ልጅ የማያይ ዓይን ስለ ትምህርት ቤት አያስብምና ይህ ብዙ አያስደንቅም።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ የሽማግሎች ከተማ የለም። በ2002 ዓ.ም. እንደተመሠረተው እንደ መቄዶንያ ያሉት ማዕከሎች ጧሪ ያጡትን አረጋውያን ለማንሣት የቆሙ ናቸው እንጂ፣ አበሉ እንዲበቃው ቦታ የሚለውጠውን ጡረተኛ ለማስፈር አይደለም። የእኛ ጡረተኛ የሚሄድ ከሆነ የሚሄደው ልጅም ሽማግሌም አብረው ወደሚኖሩበት ተራ ከተማ ነው። የሚቀበለው ማን እንደሆነ ለማየት ባለፈው ኅዳር ወር ከአጎታችንና ከእትዬ ጋር ወደ ዲክሲስ ተጓዝን።

ከአዳማ ተነሥተን አዋሽን ተሻገርን፤ ዴራን አልፈን ወደ ደጋው ስንወጣ ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ። በስተግራም በስተቀኝም የደረሰ ስንዴና ገብስ ነው። አልፎ አልፎ ኮምባይነር እርሻው ውስጥ አቧራውን እያስነሣ ያጭዳል፤ ሌላው ጋ በማጭድ ይታጨዳል። ዲክሲስ ስንደርስ ቀኑ ገበያ ነበር። ከጋሪው መካከል አንድ ጎልማሳ ሰው አጎታችንን ትኩር ብሎ አያቸውና «ባርሲሳ!» ብሎ ጮኸ። በኦሮምኛ «መምህር» ማለቱ ነው። ያስተማሩት በ1980ዎቹ ነበር፤ ዛሬ የራሱ ልጆች ያንኑ ትምህርት ቤት ጨርሰዋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ከበበን። አንዷ የጤና ባለሙያ ሆናለች፤ አንዱ ወፍጮ ቤት ከፍቷል፤ አንዱ ገበሬ ነው። ለቡና ወደ አንዱ ቤት ገባን፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቀረበልን። እትዬም ከቤቱ እመቤት ጋር ስለ ጭኮው አሠራር ሲጠያየቁ አመሹ።

እኛን ግን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን በዚያው ቤት አንድ አዛውንት የተናገሩት ነው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣኑን ያስረከበ ትውልድ ከሸንጎው እንደማይባረር፣ «ዩባ» ወደሚባለው እርከን አልፎ ለተተኪዎቹ መካሪ እንደሚሆን አስረዱን። ይህ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ በዓለም ወካይ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረ ነው። ለእኛ ቢሮ ለለመድነው ግን ጡረታ ማለት ቁልፍና ማኅተም አስረክቦ በር መዝጋት ሆኖብናል። አዛውንቱ የነገሩን ሌላ ዓይነት ጡረታ ነው። በማግሥቱ የአካባቢው ወላጆች አጎታችንን፣ «ማታ ማታ ልጆቻችንን ሒሳብ ያስጠኑልን» ብለው ሲጠይቋቸው የዩባን ትርጉም በዓይናችን አየነው።

እንግዲህ ጡረተኛ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደጋ ይውጣ እያልን ነውን? አይደለም። ከመነሣቱ በፊት ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ጤና ነው። ደጋ አየሩ ንጹሕ ቢሆንም በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉና ብርዱ ለሽማግሌ አጥንት የሚመች አይደለም። መድኃኒት ሲጨርሱ የት እንደሚገኝ፣ ሕመም ቢጠና እስከ አሰላው ማስተማሪያ ሆስፒታል ለመድረስ ምን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ስለዚህ ክረምቱን ሳያዩ ቤት መግዛት ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ቋንቋና ወረቀት ነው። የጡረታ አበል ዛሬ በባንክ ስለሚከፈል ቦታ መለወጥ አበሉን አያስቀርም። ነገር ግን መሸኛ ማውጣት፣ በሄዱበትም ነዋሪ ሆኖ መመዝገብ ግድ ነው። በኦሮሚያ የቢሮው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ የጎረቤቱም ሰላምታ እንዲሁ። አጎታችን ቋንቋውን በወጣትነታቸው ስለተማሩ አልተቸገሩም። የማያውቅ ሰው ግን ለመማር ሳይቆርጥ ቢሄድ በሰው መካከል ብቻውን ይኖራል።

ሦስተኛው የተቀባዩ ሕዝብ ጉዳይ ነው። የከተማ ገንዘብ ወደ ገጠር ሲገባ ሁልጊዜ በረከት ብቻ ይዞ እንደማይመጣ አርሲ ከማንም ይልቅ ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ «ካዱ»፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አስፋፍቶ ምርቱን አሳድጎ ነበር። ነገር ግን እርሻው ትርፍ ማስገኘቱን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። ዛሬ መሬቱ እንደዚያ ዘመን ባይሆንም ትምህርቱ ያው ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ጡረተኞች በብዛት ገብተው ኪራዩን ቢያንሩት፣ ርካሹን ኑሮ ፍለጋ የመጣው ሰው ለአገሬው ወጣት ኑሮውን አስወደደበት ማለት ነው። ስለዚህ የሚሄደው ሰው ብሩን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም ይዞ ይሂድ፤ ሒሳብ አስተማሪ ከሆነ ያስተምር፣ ነርስ ከነበረች ትምከር፣ መዝገብ ያዥ የነበረ የእድሩን መዝገብ ይያዝ።

አሁን ወደ ወጣቱ አንባቢያችን እንመለስ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ወደ ወረዳ የተመደብን እንደሆነ ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ነገር ነው፤ መቼ ተዛውረን አዲስ አበባ እንደምንገባ። የሕዝቡን ቋንቋ ለመማር አንደክምም፤ እድር አንገባም፤ ሻንጣችንንም እንኳ በደንብ አንፈታም። እኛም ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለንም። አጎታችንም በ1981 ዓ.ም. ዲክሲስ ሲደርሱ ያለቀሱ መሆናቸውን ራሳቸው እየሳቁ ነግረውናል። ነገር ግን 8 ዓመት በተቀመጡባት ከተማ እንደ ሰው ኖሩ። ከ28 ዓመት በኋላ በገበያ መካከል «ባርሲሳ!» ያሰኛቸው ያ ነው። ለጡረታ የሚቆጠበው 7 በመቶ በመንግሥት በኩል ይቆረጣል፤ ይህ ሌላው ቁጠባ ግን በሠራተኛው በራሱ እጅ ነው፤ ማንም አይቆርጥለትም። ሳይቆጥቡት ከቀሩ በስተርጅና የትም ቢሄዱ ኑሮው ርካሽ አይሆንም።

አጎታችንና እትዬ ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማሙ። አንድ ክረምት ሞክረው ሊያዩት ዲክሲስ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። እትዬ አንድ ነገር አስጨመሩ፤ የአዲስ አበባው እድር አይቋረጥም፤ የዲክሲሱም ይጀመራል። አጎታችን ደብተራቸውን አውጥተው ሁለቱን መዋጮ ደመሩና ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ይበቃናል» አሉ።

በቀደም ደውለን፣ «ጋሼ፣ ብርዱ እንዴት ይዞዎታል?» ብንላቸው፣ «ብርዱስ ብርድ ነው ልጄ፤ እትዬህ ግን ቤት የለችም» አሉን። የት ሄዱ ብለን ስንጠይቅ ጎረቤት ሰው ሞቶ ለቅሶ ሄደዋል።