የቀይ ሥር ቅጠል በገበያና በማዕድ

ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችውን ወለንጪቲን በገበያ ቀን የጎበኘ ሰው፥ ባለ ጉሊቶች የቀይ ሥሩን ቅጠል ቆርጠው ሲጥሉና ፍየሎች ሲሻሙበት ማየቱ አይቀርም። ጥቂት ራቅ ብሎ ደግሞ ቆስጣ በእስር ታስሮ በገንዘብ ይሸጣል። የሚያስደንቀው ግን ሁለቱ አንድ ዘር መሆናቸው ነው፤ አንደኛው ለቅጠሉ፥ ሁለተኛው ለሥሩ ሲባል በገበሬ እጅ ተመርጠው ተለያዩ እንጂ። የበርሊኑ ኬሚስት ማርግራፍ በ1747 እ.ኤ.አ. ስኳር ያወጣበት ሥርም የእነዚሁ ወንድም ነው። በእኛ በኩል ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ሥራውን በሸንኮራ አገዳ ስለ ጀመረ፥ የዚህ ዘር ድርሻ ከድስት አላለፈም።

የሚጣለው ቅጠል ከሚሸጠው ሥር ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም። በእኩል ሚዛን ቢመዘኑ ቅጠሉ ከሥሩ ሁለት እጥፍ የሚበልጥ ፖታሲየምና ሦስት እጥፍ ያህል ማግኒዚየም አለው። ለዓይን ብርሃን የሚያስፈልገው ቪታሚን ኤ በሥሩ ውስጥ የለም ለማለት ሲያስደፍር፥ በቅጠሉ ግን ሞልቶአል።

ለነጋዴው ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። ቅጠሉ ከመቶው 91 እጅ ውኃ ስለ ሆነ በቆላው ፀሐይ ፈጥኖ ይጠወልጋል፤ ከሥሩ ጋር እንደ ተያያዘ ቢቆይም የሥሩን እርጥበት እየሳበ ሁለቱንም ያበላሻል። ስለዚህ በማለዳ ሁለት ጣት ያህል አገዳ ከሥሩ ላይ ትቶ መቁረጥ፥ ቅጠሉን በጥላ ሥር በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ በዕለቱ መሸጥ ይገባል። ለማለምለም ሲባል የቦይ ውኃ መርጨት በሽታን መሸጥ ነው።

ገዢውም ለጋውን፥ ቢጫ ያልነካውንና አገዳው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበረውን ይምረጥ። ቤት ሲደርስ ደጋግሞ ማጠብ፥ ከዚያም ጥቂት ቀቅሎ በሽንኩርት፥ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ማቁላላት ነው። ሎሚ ቢጨመቅበት ብረቱ ለሰውነት ይበልጥ ይስማማል። የኵላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ኦክሳሌት የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚጎዳው የተቀቀለበትን ውኃ ይድፋ፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

በጾም ቀን ቆስጣ የሚፈልጉ የአዳማ ምግብ ቤቶች ይህንኑ ቅጠል ንጹሕና በእስር የታሰረ ሆኖ በማለዳ ቢቀርብላቸው የማይገዙበት ምክንያት አይታየንም። ብቻ ቀለሙ ሌላውን ስለሚያቀላው ለብቻው ይቀቀል።